አንድ አውድማ፣ ሁለት ዋጋ

ንጉሥ ዳዊት የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ በስንት ገዛው? ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24ን የከፈተ በ50 ሰቅል ብር ይላል። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 21ን የከፈተ ደግሞ በ600 ሰቅል ወርቅ ይላል። ገዢው አንድ፣ ሻጩ አንድ፣ ኮረብታውም አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ሁለት። አንድ ሰቅል 11 ግራም ያህል ስለሚመዝን የመጀመሪያው ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ብር፣ ሁለተኛው ከስድስት ኪሎ ተኩል በላይ ወርቅ ማለት ነው። ይህ የሳንቲም ስሕተት ተብሎ የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ላነበበ ሰው ነገሩ በዋጋው አያበቃም። ዳዊት ሕዝቡን እንዲቆጥር ያነሣሣው ማን ነው? በሳሙኤል በእስራኤል ላይ የተቆጣው እግዚአብሔር፤ በዜና መዋዕል ሰይጣን። ኢዮአብ ስንት ሰይፍ የሚመዝዝ ሰው አገኘ? በሳሙኤል ከእስራኤል 800,000፣ ከይሁዳ 500,000፤ በዜና መዋዕል ከእስራኤል 1,100,000፣ ከይሁዳ 470,000። ነቢዩ ጋድ ለዳዊት ለምርጫ ካቀረባቸው ሦስት ቅጣቶች አንዱ የሆነው ራብ የስንት ዓመት ነበር? በዕብራይስጡ ሳሙኤል የሰባት፣ በዜና መዋዕል የሦስት። አንዳንድ ትርጉሞች በሳሙኤልም ሦስት ብለው ይጽፋሉ፤ ለምን እንደሆነ እንመለስበታለን።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማችሁት በጥናት ቡድናችሁ ውስጥ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ ዶርም፣ ወይም በስልካችሁ ላይ ከተላከላችሁ ረጅም ዝርዝር እንደሚሆን እገምታለሁ። ዝርዝሩ ሃምሳ መቶ «ግጭት» ይደረድርና የትኛውን ታምናላችሁ ብሎ ይዘጋል። አንዱ ወንድም ይህን ሲያይ ምንም ልዩነት የለም ብሎ ያልፋል። ሌላው ካልኩሌተር አውጥቶ ቁጥሮቹን መደመርና መቀነስ ይጀምራል። የዝርዝሩ አዘጋጅና እነዚህ ሁለት ወንድሞች የማይስማሙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድ የጋራ ነገር አላቸው። ልዩነቶቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው ያያሉ። እኔ እንደማየው ግን እያንዳንዱ ልዩነት የራሱ ታሪክ አለው። አንዱ ከቁም ጸሐፊ ብዕር የመጣ ነው፤ ሌላው ጸሐፊው ከሚጽፍበት ዘመንና ዓላማ የመጣ ነው፤ ሌላውም ከጅምሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የሚናገር ነው። ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ችኩል መልስ የተቀበለ ወጣት ያ መልስ በሁለተኛ ዓመት ትምህርቱ ላይ ሲፈርስበት፣ መልሱን ብቻ ጥሎ አይቀርም፤ መጽሐፉንም አብሮ ያስቀምጠዋል።

ከዋጋው እንጀምር፤ ምክንያቱም ሰዎች ከሁሉ በፊት ሊፈቱት የሞከሩት እሱን ነው። የአይሁድ መምህራን በባቢሎናዊው ታልሙድ ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ተወያይተዋል። ከሰጧቸው መልሶች አንዱ ዳዊት ከአሥራ ሁለቱ ነገዶች ከእያንዳንዳቸው ሃምሳ ሃምሳ ሰብስቧል፣ ድምሩም ስድስት መቶ ይሆናል የሚል ነው። ይህን ስሌት በጥናት ላይ ሳነሣ ሁልጊዜ የሚደነቅ ሰው አይጠፋም። ውብ ነው፤ አሥራ ሁለቱም ነገዶች በመሠዊያው ቦታ ድርሻ ይኖራቸዋል። ነገር ግን ከሁለቱ ምዕራፎች አንዱም ዳዊት ከነገዶች ገንዘብ ሰበሰበ አይልም። ብሩ እንዴት ወርቅ እንደሆነም ተጨማሪ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መልስ ቃላቱን ቀረብ ብሎ ከማየት የመጣ ነው። ሳሙኤል ዳዊት በሃምሳው ሰቅል የገዛው አውድማውንና በሬዎቹን ነው ይላል። ዜና መዋዕል ደግሞ ስድስት መቶው የተከፈለው ስለ «ስፍራው» ነው ይላል። አውድማ እህል የሚወቃበት ጠፍጣፋ መሬት ነው፤ ስፍራው ግን ኮረብታው በሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ መጻሕፍት ስለ ሁለት ግዢዎች፣ ወይም ስለ አንድ ግዢ ሁለት ክፍሎች ይናገራሉ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ከታልሙዱ ስሌት ይሻላል፤ ቢያንስ መሠረቱ በጽሑፉ ውስጥ ነውና። የሚቻል መልስ ነው እላለሁ፤ የተረጋገጠ ነው ግን አልልም።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ለምን የስፍራውን ዋጋ መናገር አስፈለገው? ለዚህ መጽሐፉ የተጻፈበትን ዘመን ማየት ይገባል። የዜና መዋዕል መጨረሻ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ አይሁድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ቤተ መቅደሱን እንዲሠሩ የፈቀደበት አዋጅ ነው፤ አዋጁ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ538 ዓመት ገደማ የወጣ ነው። ጸሐፊው በአንደኛ ዜና መዋዕል 29 ለቤተ መቅደሱ የተሰጠውን ወርቅ ሲቆጥር ዳሪክ የሚባለውን የፋርስ ገንዘብ ይጠቅሳል፤ ዳሪክ በዳዊት ዘመን ፈጽሞ አልነበረም። ጸሐፊው አንባቢዎቹ በኪሳቸው በሚያውቁት ገንዘብ እየተረጎመላቸው ነው፤ ልክ ዛሬ አንድ ሰባኪ መክሊትን በብር ተምኖ እንደሚናገረው። የሚጽፈውም ከምርኮ ለተመለሱ፣ ንጉሥ ለሌላቸው፣ ከቀድሞው ያነሰ ቤተ መቅደስ ለሠሩ ሰዎች ነው። የእነርሱ ጥያቄ ይህ ቦታ በእርግጥ እግዚአብሔር የመረጠው ነው ወይ የሚል ነበር።

ሳሙኤል የሚናገረው ለሌላ ጥያቄ ነው። በሳሙኤል ይህ ታሪክ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ቸነፈሩ ተከለከለ፤ መጽሐፉም እዚያው ላይ ይዘጋል። ስለ ቤተ መቅደስ አንዲት ቃል የለም። ዜና መዋዕል ግን ታሪኩን እዚያ አያቆምም። ዳዊት ወዲያው የጌታ የእግዚአብሔር ቤት እዚህ ነው ብሎ ያውጃል፤ ድንጋይ ጠራቢዎችን ይሰበስባል፤ በሁለተኛው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 3 ሰሎሞን ቤቱን በዚያው በኦርና አውድማ ላይ ይሠራል። ጸሐፊው የኮረብታውን ስም የነገረን እዚያ ላይ ነው፦ ሞሪያ። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ የሄደበት ምድር ስም ማለት ነው። በመላው ብሉይ ኪዳን ሞሪያ የሚለው ስም የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው።

ዳዊት በዜና መዋዕል ኦርናን ሲያነጋግር በዕብራይስጡ «ሙሉ ብር» ብሎ ቃል በቃል ሊተረጎም የሚችለውን አነጋገር ይጠቀማል፤ ሙሉ ዋጋ ማለቱ ነው። ይህ አነጋገር በዘፍጥረት 23 አብርሃም ለሣራ መቃብር ዋሻውን ከኬጢያዊው ከኤፍሮን ሲገዛ የተናገረው ነው። እዚያም ባለቤቱ በነጻ ውሰድ ይላል፤ ገዢው አይሆንም፣ ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ ይላል። አብርሃም 400 ሰቅል ብር መዘነ። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሁለቱን ግዢዎች እንድናገናኝ ይፈልጋል። ከምርኮ የተመለሰው አንባቢ በአእምሮው የሚቀርበት ሥዕል ይህ ነው፦ የመጀመሪያው አባት ለመቃብር ሙሉ ዋጋ ከፈለ፤ ንጉሡም ለእግዚአብሔር ቤት ስፍራ ሙሉ ዋጋ ከፈለ፤ ስፍራው የተቀማ አይደለም። የሁለቱን ዋጋዎች ሒሳብ ማስታረቅ ባንችል እንኳ ሁለቱ ጸሐፊዎች ምን ሊሉ እንደፈለጉ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ዜና መዋዕል ያለን ዝቅ ያለ ግምት ከስሙም ሳይመጣ አይቀርም። በዕብራይስጥ መጠሪያው «የዘመናት ነገር» ማለት ነው፤ ዜና መዋዕል የሚለው የግዕዝ ስም ይህንኑ በትክክል ያስቀምጣል። በእስክንድርያ ወደ ግሪክ የተረጎሙት ሊቃውንት ግን «የቀሩት ነገሮች» የሚል ስም ሰጡት፤ በግዕዝም ሕጹጻን የሚባል ስም ነበረው። ስሙን ይዞ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ሳሙኤልና ነገሥት የረሷቸው ቁርጥራጮች የታጨቁበት ከረጢት አድርጎ ያየዋል። መጽሐፉ ግን ያው ታሪክ ለሌላ ትውልድ እንደገና የተነገረበት ነው።

አሁን ወደ ራቡ ዓመታት እንምጣ። እዚህ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ዓላማና ዘመን መፈለግ አያሻም። የሰብዓ ሊቃናት የሚባለው ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም በሳሙኤልም «ሦስት ዓመት» ይላል። የተርጓሚዎቹ የዕብራይስጥ ቅጂ ሦስት ይል ነበር ማለት ይመስላል። ከዚያም ሦስት ዓመት ራብ፣ ሦስት ወር ስደት፣ ሦስት ቀን ቸነፈር የሚለው አደራደር ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ በዕብራይስጡ ሳሙኤል ያለው «ሰባት» በመገልበጥ ጊዜ የገባ ነው ብለው ብዙ ተርጓሚዎች ወስነዋል፤ በአንዳንድ ትርጉሞች ሁለቱም ምዕራፎች ሦስት የሚሉት ለዚህ ነው። በሳሙኤል 21 ያለውን የሦስት ዓመት ራብ ደምሮ፣ ሌላም ዓመት ጨምሮ ሰባትን የሚያወጣ ስሌትም አለ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ የሚያስፈልግ ግን አይመስለኝም።

ሰባት እንዴት ሦስትን ተካ የሚለው አያስቸግረን። በዕብራይስጥ ቁጥሮች በፊደል ይጻፉ ስለነበር ሁለት ተመሳሳይ ፊደላት ተምታቱ የሚል ግምት ትሰሙ ይሆናል። ሆኖም በሙት ባሕር አካባቢ በተገኙት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅልሎች ቁጥሮች የሚገኙት በቃል ተጽፈው ነው። ሰባት ዓመት ራብ የሚለው ሐረግ ከዮሴፍ ታሪክ ጀምሮ በሰው ሁሉ አእምሮ የተቀረጸ ስለሆነ እጅ በልማድ ጽፎት ሊሆን ይችላል። በአገራችን ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቀው የምታውቁ ይህ አይደንቃችሁም። የግዕዙን ፮ እና ፯ በደበዘዘ ቀለም ለመለየት የሞከረ ሰውም ገልባጮችን ለመውቀስ አይቸኩልም።

የገልባጭ ስሕተት እንዲያው በግምት የሚነገር ማምለጫ እንዳይመስላችሁ፣ ዱካው በግልጽ የሚታይበትን አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ይህ ከዝርዝሮቹ ሁሉ አናት ላይ የሚቀመጥ ጥያቄ ነው፦ ጎልያድን የገደለው ማን ነው? አንደኛ ሳሙኤል 17 ዳዊት ነው ይላል። ሁለተኛ ሳሙኤል 21፥19 ደግሞ የቤተ ልሔሙ ኤልሐናን የጌቱን ጎልያድን ገደለ ይላል። አንደኛ ዜና መዋዕል 20፥5 ግን ኤልሐናን የገደለው የጎልያድን ወንድም ላሕሚን ነው ይላል። አሁን በሳሙኤል የኤልሐናንን አባት ስም ተመልከቱ፦ ያሬ ኦርጊም። ኦርጊም በዕብራይስጥ «ሸማኔዎች» ማለት ነው። የሰው ስም ሆኖ ይከብዳል። በዚያው ቁጥር መጨረሻ ላይ የጦሩ የቦ እንደ ሸማኔ መጠቅለያ ነበረ ሲል ያው ቃል እንደገና ይመጣል። የገልባጩ ዓይን ወደ ታችኛው መስመር ሸርተት ብሎ ቃሉን ቀድሞ ጽፎታል። በዜና መዋዕል የአባትየው ስም ያዒር ብቻ ነው፤ ሸማኔዎቹ በቦታቸው ናቸው።

ስለዚህ በሳሙኤል ያ ቁጥር በመገልበጥ እንደተጎዳ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ከዚህ በኋላ ያለው ይከብዳል። በዕብራይስጥ «ቤተ ልሔማዊ» በሚለው ቃል ውስጥ «ላሕሚ» አለ፤ «ወንድም» የሚለው ቃልና ተሳቢን የሚያመለክተው ትንሽ ቃልም በአጻጻፍ የተቀራረቡ ናቸው። አንዳንዶች ትክክለኛው የዜና መዋዕሉ ነው፣ ሳሙኤል ተበላሸ ይላሉ፤ ሌሎች የዜና መዋዕል ጸሐፊ የተበላሸውን ሊያቃና ሞክሯል ይላሉ። እኔ በመጀመሪያው አመዝናለሁ፤ አንድ ቃል በተረጋገጠ ስሕተት በተጎዳበት ቁጥር ውስጥ ሁለተኛ ስሕተት መኖሩ የሚያስገርም አይደለምና። ሁለተኛውን የሚይዝ ወንድም ግን እምነቱን ጥሏል አልልም።

በ1947 በሙት ባሕር ዳርቻ በቁምራን ዋሻዎች ጥቅልሎች መገኘት ሲጀምሩ ይህ ሁሉ ክርክር አዲስ መልክ ያዘ። በ1952 በተገኘው በአራተኛው ዋሻ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈ የሳሙኤል ጥቅልል ቁርጥራጮች ነበሩበት። አሜሪካዊው ሊቅ ፍራንክ ሙር ክሮስ በዓመቱ ስለ ጥቅልሉ የመጀመሪያውን ጥናት አወጣ። በዚህ ጥቅልል የጎልያድ ቁመት እኛ እንደለመድነው ስድስት ክንድ ከስንዝር አይደለም፤ አራት ክንድ ከስንዝር ነው። ሦስት ሜትር ሊሞላ የቀረበው ሰው ወደ ሁለት ሜትር ወረደ። የግሪኩም ትርጉም አራት ነው የሚለው።

ለእኛ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ሌላው ቁራጭ ነው። በዜና መዋዕል ዳዊት ዓይኑን አንሥቶ የእግዚአብሔር መልአክ የተመዘዘ ሰይፍ ይዞ በምድርና በሰማይ መካከል ቆሞ ያያል፤ እርሱና ሽማግሌዎቹም ማቅ ለብሰው በግምባራቸው ይደፋሉ። በለመድነው ሳሙኤል ይህ የለም። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ትዕይንቱን ከራሱ ጨመረ፣ ታሪክን ማጋነን ልማዱ ነው እየተባለ ለረጅም ጊዜ ተጽፏል። የቁምራኑ የሳሙኤል ጥቅልል ግን ይህን ትዕይንት ይዟል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሰማይና ምድር መካከል የቆመውን መልአክ በሳሙኤል ውስጥ ያነቡ የነበሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። የዜና መዋዕል ጸሐፊ በእጁ የነበረው የሳሙኤል መጽሐፍ ከእኛው ትንሽ የተለየ ቢሆንስ? ፈጠራ ተብሎ የተከሰሰበት ነገር ከፊቱ ካለው ጥቅልል በታማኝነት የገለበጠው ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ በጸሐፊዎቹ ፈቃድ የምናሳብብ ሰዎች፣ ተቺም እንሁን ተከላካይ፣ ይህን ቁራጭ ሳናይ ብዙ እንናገራለን።

ሦስተኛ ዓይነት ልዩነት እንዳለ ከላይ ጠቁሜያለሁ፦ መምሰል ብቻ ያለበት። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በዘፍጥረት ነው። አብርሃም በግብፅ ሣራን እኅቴ ናት አለ (ምዕራፍ 12)፤ በጌራራ በአቢሜሌክ ፊት ደገመው (ምዕራፍ 20)፤ ይስሐቅም በጌራራ ስለ ርብቃ ያንኑ አለ (ምዕራፍ 26)። በ1753 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን አስትሩክ ዘፍጥረትን በመለኮት ስሞች ለይቶ ሙሴ የተጠቀመባቸውን ጥንታዊ ሰነዶች ሊያገኝ ሞከረ፤ የሚገርመው አስትሩክ የሙሴን ጸሐፊነት ሊከላከል ነበር የተነሣው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ተደጋጋሚ ታሪኮችን አንድ ወሬ በሦስት አፍ የተወራበት ማስረጃ አድርገው ወሰዱ።

ጽሑፉን እንጠይቀው። ዘፍጥረት 26 ሲጀምር ይህ ራብ በአብርሃም ዘመን ከነበረው ከፊተኛው ራብ ሌላ መሆኑን ያስታውቃል። ምዕራፍ 20 ላይ አብርሃም ራሱ ለአቢሜሌክ ሲናገር፣ ከአባቱ ቤት ከወጣ ጀምሮ በሚሄዱበት ቦታ ሁሉ እኅቱ ነኝ እንድትል ከሣራ ጋር ተስማምቶ እንደነበር ይገልጣል። ማለትም ተራኪው መደጋገሙን ያውቃል፤ አልሸሸገውም፤ የአንድ ቤተሰብ ሥር የሰደደ ፍርሃት አድርጎ ነው የሚያሳየን። ልጁ የአባቱን ስሕተት በአባቱ ከተማ ሲደግም በየቤታችን የምናውቀው ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ቦታ የማስታረቅ ሥራ የለም፤ የማንበብ ሥራ ብቻ ነው ያለው።

ከሁሉ የሚከብደውን ወደ መጨረሻው አቆይቼዋለሁ፤ ዳዊትን ያነሣሣው ማን ነበር? ዋጋና ዓመት ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ናቸው፤ ይህ ግን ስለ እግዚአብሔር ማንነት ነው። አንድ ወጣት አምላክ ንጉሡን አነሣሥቶ ስለዚያው ድርጊት ሰባ ሺህ ሰው በቸነፈር ቀጣ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ወደ ዜና መዋዕል ገልጦ አይደለም፣ ሰይጣን ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እንዲህ ካልን ግን ሳሙኤልን ከመጽሐፍ ቅዱሳችን አወጣነው።

በሁለቱም ቦታ «አነሣሣ» የሚለው የዕብራይስጥ ግስ አንድ ነው። ይህ ግስ በሌላ ስፍራም አለ። በኢዮብ ምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ለሰይጣን፣ በኢዮብ ላይ ያለ ምክንያት እንዳጠፋው አንተ አነሣሣኸኝ ይለዋል። እዚያ የኢዮብን መከራ ያመጣው ማን ነው? የሰይጣን እጅ መታው፤ ኢዮብ ግን እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ ይላል፤ መጽሐፉም ኢዮብ በዚህ አልበደለም ይለናል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱም ተነግረዋል። ዳዊት ራሱም በአንደኛ ሳሙኤል 26 ሳኦልን ሲያነጋግር በእኔ ላይ ያነሣሣህ እግዚአብሔር ከሆነ መሥዋዕት ይቀበል፣ ሰዎች ከሆኑ ግን የተረገሙ ይሁኑ ይላል፤ ግሱ ያው ነው። ስለዚህ ከአንድ ክፉ ድርጊት በስተጀርባ ማን አለ የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መጻሕፍት ግጭት የተፈጠረ አይደለም፤ እስራኤል ከጥንት ጀምሮ ሲያስቡበት የነበረ ነው። ጳውሎስም በሥጋው ስላለው መውጊያ ሲናገር የሰይጣን መልእክተኛ ይለዋል፤ እንዳይታበይም ተሰጠኝ ይላል።

የዜና መዋዕል ጸሐፊ በዚህ ቦታ ሰይጣንን ለምን ጠራ? ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። ከምርኮ በኋላ በዳርዮስ ሁለተኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520፣ መናገር የጀመረው ነቢዩ ዘካርያስም በምዕራፍ 3 ከሳሹን በሊቀ ካህኑ ቀኝ ቆሞ ያየዋል። በዘካርያስና በኢዮብ ቃሉ በዕብራይስጥ «ከሳሹ» የሚል የማዕረግ መልክ አለው፤ በዜና መዋዕል ግን ያለዚያ ምልክት እንደ ስም ቆሟል። ቃሉ በብሉይ ኪዳን ለሰው ጠላትም ይውላልና፣ በነገሥት 11 የኤዶሙ ሃዳድ በዚሁ ቃል ይጠራል፣ በዜና መዋዕልም የጦር ጠላት ማለት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ትርጉም ከዳዊት ወታደር ቆጠራ ጋር ባይጋጭም እኔን አያሳምነኝም፤ ከግሱ ጋር ሲነበብ ኢዮብን ያስታውሳል። የሳሙኤል ጸሐፊ ሁሉን በእጁ የያዘውን አምላክ አየ፤ የዜና መዋዕል ጸሐፊ በክፋቱ ውስጥ የሠራውን እጅ ስም ጠራ። ሁለቱም ዳዊትን አያስመልጡትም፤ በሁለቱም ምዕራፎች በድያለሁ የሚለው ዳዊት ነው።

የቀረን የቆጠራው ድምር ነው። እዚህ ላይ የካልኩሌተሩ ወንድም ብዙ ደክሟል። በአንደኛ ዜና መዋዕል 27 በየወሩ የሚያገለግሉ 24,000 ወታደሮች የያዙ አሥራ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ይህ 288,000 ይሆናል። በእነርሱ ላይ 12,000 ፈረሰኞች ሲጨመሩ 300,000፤ በ800,000 ላይ ሲደመር 1,100,000 ይመጣል። ለይሁዳም ከሌላ ምዕራፍ 30,000 ተገኝቶለታል። ቁጥሩ ይገጥማል። ነገር ግን አንዱ መጽሐፍ እነዚህን ወታደሮች ቆጥሯል፣ ሌላው ትቷቸዋል የሚል ፍንጭ በጽሑፉ የለም፤ የሚፈለገውን ድምር አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያገኘው መንገድ ነው። ሌሎች ደግሞ በዕብራይስጥ «ሺህ» የሚለው ቃል ጎሣ ወይም የጦር ክፍል ማለትም እንደሚሆን ያስታውሳሉ፤ ጌዴዎን በመሳፍንት 6 ወገኔ ከሁሉ ደካማ ነው ሲል የተጠቀመው ቃል ነው። ይህ ለብዙ ትልልቅ ቁጥሮች ሊጠቅም ይችላል፤ ሁለቱን ድምሮች ግን አንድ አያደርጋቸውም።

እስከዚያው ድረስ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ራሱ የሚለውን ማንበብ ይበጃል። በምዕራፍ 21 ኢዮአብ የንጉሡን ትእዛዝ ስለተጸየፈ ሌዊንና ብንያምን እንዳልቆጠረ ይነግረናል። ከስድስት ምዕራፎች በኋላ ደግሞ፣ ወርኃዊዎቹ 24,000ዎች በተዘረዘሩበት በዚያው በምዕራፍ 27፣ ነገሩን እንደገና ያነሣዋል። ዳዊት ሃያ ዓመት ያልሞላቸውን አልቆጠረም፤ ኢዮአብ መቁጠር ጀምሮ አልፈጸመም፤ ቍጣ በእስራኤል ላይ ሆነ። ድምሩም በንጉሡ በዳዊት ዜና መዋዕል መዝገብ ውስጥ አልተጻፈም።